የአርበኛ ጎራዴ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን የተዋጋ አባት ወይም አያት ጎራዴ ትቶላችሁ እንደሆነ፣ ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ለቆራሌው ለመስጠት አትቸኩሉ እንላለን።

መጀመሪያ ስለቱን እንይ። እንደ ማጭድ የተቆለመመና በሁለት ወገን የተሳለ ከሆነ ሾተል ነው። ከጋሻ ጀርባ ያለ ጠላት ይወጋበታል። ጎራዴ ግን ጎበጥ ያለ፣ ባንድ ወገን የሚቆርጥ ነው።

ቀጥሎ ጽሑፍ እንፈልግ። በፈረንጅ ፊደል «ዞሊንገን» የሚል ካለበት ብረቱ የጀርመን አገር ሥራ ነው። እጀታውንና አፎቱን ግን ብዙ ጊዜ ያበጁት ያገራችን ባለእጆች ናቸው፤ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ እጀታም አለ።

ዝገቱን በአሸዋ አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋል። ዘይት የነካ ጨርቅ ይበቃዋል። ደግሞ የአርበኛው ስምና የተዋጋበት ቦታ ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ገዢው የሚያየው ብረቱን ብቻ ነው።