መርዶ በስልክ አይነገርም

በስደት ስንኖር ከሁሉ የሚከብደን ብርዱም የሥራው ብዛትም አይደለም። ከሀገር ቤት በሌሊት የሚደወል ስልክ ነው። በጃንዋሪ 2016 (ጥር 2008 ዓ.ም.) ዋሽንግተን ዲሲ በበረዶ በተቀበረችበት ሰሞን እንዲህ ያለ ስልክ ደርሶን ነበር። በዚያን ጊዜ የሆነውን ዛሬ ልናወጋችሁ ወደድን።

ስልኩ የመጣው ዓርብ ጃንዋሪ 22 ምሽት ነው፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። የደወለችው የአንድ ወዳጃችን እህት ነበረች። «እማዬ ሌሊት አርፋለች፤ ዛሬ ቀብሯ ነው። ብቻውን እንዳይሰማ፣ አደራ እናንተ ንገሩልኝ» አለችን። ወዳጃችን ዩ ስትሪት አካባቢ በአንዲት ክፍል ብቻውን ይኖር ነበር። የጥገኝነት ጉዳዩ ስላላለቀለት እናቱን ካየ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

የሀገራችን ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ገና በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ያስፈልገዋል። ስልክ ይህን ሁሉ አያደርግም።

ችግሩ መንገዱ ነበር። በረዶው ዓርብ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሲወርድ አመሸ። አውቶቡሱ አስቀድሞ ቆሟል፤ ባቡሩም በዚያው ሌሊት ቆመ። ቅዳሜና እሑድ ሜትሮ ጨርሶ እንደማይሠራ ተነግሯል። ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችንም መኪናቸው ተቀብሮ እቤታቸው ተቀምጠዋል። ሰኞን እንጠብቅ ብንል ደግሞ ፌስቡክ ሰኞን አይጠብቅም። አንድ የሰፈር ልጅ ከአዲስ አበባ ሆኖ «ነፍስ ይማር» ብሎ የእናቱን ፎቶግራፍ ቢለጥፍ፣ ወዳጃችን በረዶ በዘጋው ክፍል ብቻውን ሊያነበው ነው።

ስለዚህ ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ጋር ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ በእግር ተነሣን። ካልሲያችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ ኪሳችንን ቆሎ ሞልተን፣ ጆርጂያ አቬኑን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። መንገዱ ስድስት ማይል፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የእግረኛው መንገድ ስለጠፋ በረዶ ጠራጊ መኪና ባለፈበት ፈር መሐል አስፋልቱን ተጓዝን። ነፋሱ በረዶውን እንደ አሸዋ ፊታችን ላይ ይበትነው ነበር።

በ2011 የተዘጋውን የቀድሞውን የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል አጥር አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ በስተግራ አንዲት አነስተኛ የመቃብር ቦታ አለች። በ1864 በፎርት ስቲቨንስ ውጊያ የወደቁ የሰሜን ጦር ወታደሮች ያረፉባት ናት። ባልደረባችን ቆም ብሎ ተመለከተና «የእነዚህንስ መርዶ ለእናቶቻቸው ማን ነግሯቸው ይሆን?» አለ።

ይህ ጥያቄ እኛን ከብርዱ ይልቅ ነካን። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንበት ዘመን የስንቱን ሰው ዜና ዕረፍት አርመን ወደ ማተሚያ ቤት ልከናል። ስሙ በትክክል መጻፉን እንጠይቃለን፤ ማዕረጉ እንዳይሳሳት እንጨነቃለን። «ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ?» ብለን የጠየቅንበት ቀን ግን ትዝ አይለንም።

ፔትወርዝ ሳንደርስ የባልደረባችን እግር ደነዘዘ። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ ፈራን። «ደውለንለት ብንመለስስ?» አልነው። «ዘጠና በመቶውን መጥቼ አልመለስም» አለን፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ገና ግማሹን ብንሄድ ነው። አንድ ነዳጅ ማደያ ክፍት አግኝተን ገባን። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ያገራችን ልጅ ሲሆን፣ ተረኛው ሊመጣ ስላልቻለ ከዓርብ ጀምሮ ከዚያው አልወጣም።

«ጋሼ፣ በዚህ አየር ወዴት ነው?»

«መርዶ ልንነግር።»

ልጁ ዝም አለ። ሻይ ቀድቶ ሰጠን፤ ባልደረባችንንም ጫማውን አስወልቆ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠው። ልንወጣ ስንል ቡናና ስኳር በፌስታል አድርጎ አቀበለን። «ለለቅሶ ቤቱ ነው» ብሎ ሂሳቡን ከኪሱ ከፈለ። እናቱ የት እንዳሉ ብንጠይቀው «ደሴ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፈን ስንደርስ መሽቶ ነበር። መንገዱ አምስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። የወዳጃችን ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ቤት አደርንና እሑድ ማለዳ ሦስት ሆነን በሩን አንኳኳን። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ከፈተልን። «እንዴ! በዚህ በረዶ እንዴት መጣችሁ?» ብሎ ፈገግ አለ። ቀጥሎ እርጥብ ጫማችንን አየ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ጎረቤቱንም አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«እማዬ ናት?»

አንዳችንም አልመለስንም። ባልደረባችን ግን ሳይወድቅ ደረሰበት።

ከቀትር በፊት ከየአቅጣጫው በእግሩ የመጣ ሰው ያቺን ክፍል ሞላት። የልጁ ቡናም ተፈላ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ግን ስንቱን መርዶ በስልክ ለመናገር ተገደናል። ከስልኩ ማዶ ሰው ሲወድቅ እየሰማን ልንይዘው አልቻልንም። ያን ጊዜ ያ የጆርጂያ አቬኑ መንገድ ትዝ አለን። ያን ያህልም ሩቅ አልነበረም።

ቸር ያሰማን።