አደይ አበባ፦ በዓሉ መስከረም፣ ዘሩ ኅዳር

መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚገባ ሰው ደመራውን ከማየቱ በፊት ቢጫውን ያያል። ልጆች አደዩን በቄጠማ አስረው፣ እቅፍ እቅፍ ይዘው ይዞራሉ። አንዳንዱ እስር ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ ስለሆነ ጭቃው ገና አልደረቀም። የደመራውም ጫፍ አደይ ለብሷል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ደመራው ተለኩሶ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ የረገፈው አበባ ድንጋዩ ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ስለ አደይ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቻ የምናስታውሰው አበባ ሆኗል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ያ ከነሥሩ የተነቀለው እስር ነው። የአደይን ጠባይ ያወቀ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

አደይ ከሱፍና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በየግቢያችን የሚተከሉት ዳሊያና ኮስሞስም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በአማርኛ የመስቀል አበባ፣ በኦሮምኛ ደግሞ ኬሎ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ባይደንስ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ»፣ ማክሮፕቴራ በግሪክ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ጥርሱም ክንፉም የሚገኙት ዘሩ ላይ ነው። እኛ በቢጫው ስንደሰት የዕፅዋት ሊቃውንት ስም ያወጡለት ከዘሩ ተነሥተው ነው። ደጋው ላይ የሚያብቡ ሌሎች የባይደንስ ዝርያዎችም አደይ ይባላሉ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ በአውሮፓውያን 1984 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ባይደንሶች አንድ በአንድ ለይተው አስቀምጠዋል። ሜዳ ውለን ስንገባ ልብሳችን ላይ ተሰክቶ የምናገኘው ጨጎጎትም የዚሁ ወገን ነው።

አንድ አደይ በቅርብ ሲያዩት አንድ አበባ አለመሆኑ ይታወቃል። ዙሪያውን የከበቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ የሚሆኑት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ሥራቸው ንብን መጥራት እንጂ ዘር መስጠት አይደለም። መሐሉን የሞሉት ደቃቅ ቱቦዎች ደግሞ ሌሎች አበቦች ናቸው። እያንዳንዷ ቱቦ ንብ ከጎበኘቻት አንድ ዘር ትይዛለች። አንዱን እንቡጥ ስንቀጥፍ አንድ ሙሉ የዘር ጎተራ ነው የቀጠፍነው።

ብዙ ሰው አደይን ከመጭ ጋር ያምታታል። መጭም በዚያው ወቅት ማሳ ዳር በቢጫ አበባ ይደምቃል። መለያው ቅጠሉና ዘሩ ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀና ስስ ነው፤ የመጭ ቅጠል ያልተከፈለ፣ ሲዳሰስ የሚሻክርና ግንዱን የሚያቅፍ ነው። የመጭ ዘር እንደ ኑግ ለስላሳ ሲሆን የአደይ ዘር ጠፍጣፋ ነው። ዘር የሚለቅም ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት።

አደይ ክረምት ሲገባ በቅሎ፣ ዝናቡን ጠጥቶ አድጎ፣ ደመናው ሲገፈፍ ይፈነዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ብላ ትጠራቸዋለች። በሜዳው ላይም የሚታየው ይኸው ነው። ማእከላዊው ደጋ ላይ ንብ የሚያረቡ ሰዎች ዋናውን ማር በጥቅምትና በኅዳር የሚቆርጡት ንባቸው አደዩንና መጩን ስትቀስም ከርማ ነው። አበባው ሲያልፍ ራሱ ይጠቁራል፣ ዘሩ ይረግፋል፣ ተክሉም ይደርቃል። አፈር ላይ የወደቀው ዘር በጋውን ሙሉ ተኝቶ የሰኔን ዝናብ ይጠብቃል።

አውሮፓውያን የብርዱን ዘመን መውጣት የሚያዩት በዳፎዲል ነው። እሱም ቢጫ ነው፣ እሱም የወቅት አብሣሪ ነው። ዳፎዲል ግን ከአፈር በታች ሽንኩርት የመሰለ ራስ አለው። ራሱ ብርዱን እዚያው አሳልፎ በየዓመቱ ስለሚያቆጠቁጥ አበባው ቢቆረጥ ተክሉ አይጠፋም። ለሳምንታት የሚዘልቅ ከባድ ብርድ ስለሚፈልግም አዲስ አበባ ላይ እንደልቡ አያብብም። አደይ ብርድ አይጠይቅም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው የከተማችን አየርና የክረምታችን ዝናብ የተወለደበት ነው። ነገር ግን ከአፈር በታች ያስቀመጠው ስንቅ የለውም። የሚቀጥለው ዓመት አደይ ያለው ዘሩ ውስጥ ብቻ ነው። ከነሥሩ የተነቀለው እስር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ዘሩ ሳይበስል የተነቀለ አደይ ልጅ ሳይተካ ያልፋል።

ደስ የሚለው ግን አደይን ማብቀል ከባድ አለመሆኑ ነው። ሥራው የሚጀምረው በኅዳር ነው። ራሱ ጠቁሮ ሲደርቅ፣ በጣት ሲነኩት ዘሩ የሚለቅ ከሆነ ደርሷል። ባለፈው ኅዳር አንድ የደረቀ ራስ መዳፌ ላይ ፈርፍሬ ነበር። ዘሮቹ ጠፍጣፋና ጠቆር ያሉ ናቸው፤ በትንፋሼ ሳይቀር ይንቀሳቀሱ ነበር። ከአንድ ቦታ ሁሉንም ሳይለቅሙ፣ ከጥቂት ተክሎች ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ። ጥላ ላይ አድርቀው በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡት፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ መደብ ይምረጡ። መሬቱን ጫር ጫር አድርገው አረሙን ያንሡ እንጂ ፍግ አያብዙበት፤ ምግብ የበዛበት ተክል ቅጠሉ በርክቶ፣ ግንዱ ረዝሞ በዝናብ ይጋደማል። ዝናቡ ሲጨብጥ ዘሩን በትነው ስስ አፈር ያልብሱት፤ በጥልቀት መቅበር ያፍነዋል። ቡቃያው ሲወጣ አንዱ ከሌላው ስንዝር ያህል እስኪራራቅ ያሳሱት። ጉልበት ላይ ሲደርስ ጫፉን ቢቀነጥቡት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባውም ይበረክታል። ግቢ የሌለው ሰው የኮንዶሚኒየም በረንዳው ላይ ሥሩ የተበሳ ባልዲ ቢያስቀምጥም ይሆናል።

ትልቁ ፈተና ቡቃያውን ከአረም መለየት ነው። ሐምሌ ላይ አደይ ማንም የማያውቀው ሣር ይመስላል፤ ግቢ የሚያጸዳ ሰውም ለቡሄ ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ያጭደዋል። ስለዚህ መደቡን በድንጋይ ይከልሉ፣ ለቤተሰቡም ይንገሩ።

ከተማው ውስጥ አደይ የሚጠፋው ግን በማጭድ ብቻ አይደለም፤ የሚበቅልበት አፈርም እያጣ ነው። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከሥሩ ከ1,000 በላይ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ተሠርቶለታል፤ ላዩ ድንጋይ ነው። በዓሉን የሚያደምቀው አበባ በሙሉ የሚመጣው ከሌላ ቦታ፣ ከከተማው ዳር ካሉ ኮረብታዎችና ከማሳ ድንበሮች ነው። እነዚያ ቦታዎች ደግሞ በየዓመቱ ቤት ይሠራባቸዋል። ከአደባባዩ ወደ ካዛንቺስ በሚወጣው መንገድ ዳር በኮሪደር ልማት ሣርና አበባ ተተክሏል። ከዚያ መካከል ጥቂት እርምጃ የምታህል መደብ በሰኔ አደይ ቢዘራባት፣ እስከ ኅዳርም ማጭድ ባይነካት፣ አደባባዩ አበባውን ከጎረቤቱ ያገኝ ነበር። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድና የቀበሌ ቤት አጥር ሥርም ለዚህ ይበቃል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አበባውን ማቆየት ግን ሕጻን ልጅም ሊሠራው የሚችል የጓሮ ሥራ ነው።

በዘንድሮው እንቁጣጣሽ ልጆች አደይ ይዘው በራችሁን ሲያንኳኩ ተቀበሏቸው፣ መርቋቸውም። ስጦታቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስተምሯቸው፦ አደይ በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፤ ከአንድ ተክልም ግማሹ ብቻ ይቆረጣል። ግማሹ ለደመራ፣ ግማሹ ለኅዳር።