ራሱን እየሳተ የሚወድቅ ኮምፒዩተር… ጥፋቱ የቫይረስ ነው ወይስ የራም?

የዚህ አምድ ወዳጆች እንደምታውቁት እዚህ ገጽ ላይ የምናወጋው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያ፣ ስለ ጓደኛ ክህደትና ስለ ወላጅ ቁጣ ነው። ዛሬ ግን ያኮረፈው ኮምፒዩተር ነው። ኧረ አትሳቁ! ኮምፒዩተር ሲያኮርፍ ሰውና ሰው ያጣላል፤ እንጀራም ያሳጣል።

ደብዳቤ የጻፈልኝ የ26 ዓመት ወጣት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ከፍቶ በሁለት ዴስክቶፕ ይሠራል። ከሁለቱ አንደኛው ድንገት አመሉ ተቀየረ። በሥራ መሐል ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ነገር ጽፎ ድርግም ይላል። ከዚያ በራሱ ይነሳል። አንድ ቀን ሁለቴ፣ ሌላ ቀን ሰባቴ፤ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይል ሰላም ይሰነብታል። «ቫይረስ ነው» አሉት፣ ከፍሎ ፎርማት አስደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነ። ደግሞ ከፍሎ አስደረገ። በዚህ መሐል የአንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አልከፈት አለ። ተማሪዋ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱም በንዴት ጦፎ የሚያሠራትን ልጅ «ያገኘሽውን ፍላሽ ሁሉ እየሰካሽ ቫይረስ ያስገባሽብኝ አንቺ ነሽ!» ብሎ አባረራት። ደብዳቤውን የሚጨርሰው «ልጅቷ ከሄደችም በኋላ ማሽኑ አልተሻለውም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው።

ወንድሜ፣ እንደኔ እንደኔ የተጠረጠረውም የተባረረውም ጥፋተኛ አይመስለኝም። የጻፍካቸው ምልክቶች በብዛት የሚያመለክቱት ወደ ራሙ ነው።

ራም ምንድን ነው ለምትሉ፦ እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለት ለምደናል እንጂ ሲፒዩ ውስጥ ያለች አንዲት ቺፕ ብቻ ናት። ራም ማለት ከሷ ጎን ማዘርቦርዱ ላይ ቆሞ የተሰካው ቀጭን ሰሌዳ ነው። ሀርድ ዲስኩ መደርደሪያ ቢሆን ራሙ ጠረጴዛው ነው። የምትጽፉት ፊደልም፣ የምታዩት ፎቶም፣ ዊንዶውስ ራሱም የሚሠራው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው።

አሠራሩ ደግሞ ይገርማል። 8 ጊጋባይት የምንለው ራም ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ ቢት አለ። እያንዳንዱ ቢት በጣም ትንሽ በሆነች ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው፤ ካለ 1፣ ከሌለ 0። ዘዴውን የፈጠረው የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ሲሆን የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ችግሩ ዕቃዋ ታፈሳለች። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በተለምዶ በየ64 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ፣ ሁሉንም እየዞረ ይሞላቸዋል። ከቢሊዮኖቹ አንዷ ዘመም ብላ እስከ ተራዋ መቆየት ካቃታት 1 የነበረው 0 ይሆናል። በቃ፣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«አንዲት ቢት ምን ታመጣለች?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 2003 በቤልጅየም ስካርቤክ በምትባል ከተማ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክ ምርጫ ለአንዲት ተወዳዳሪ 4096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረ። የተነቃውም ድምፁ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። ባለሙያዎች ፕሮግራሙን ቢበረብሩት ስህተት አጡበት። 4096 ደግሞ በኮምፒዩተር አቆጣጠር የአንዲት ቢት ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ቢቷ በራሷ ጊዜ ተገልብጣ ይሆናል የሚል ግምት ላይ ደረሱ።

እናም ወደ እናንተ ማሽን ስንመለስ፣ የታመመችው ቢት ላይ የወደቀው የፎቶ ነጥብ ከሆነ አንዲት ነጥብ ቀለሟ ይቀየራል፤ ማንም አያያትም። የዊንዶውስ ትእዛዝ ከወደቀባት ማሽኑ ይወድቃል። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ከወደቀባት ደግሞ ተበላሽቶ «ሴቭ» ይደረጋል፤ ኮምፒዩተሩም ምንም አይናገርም። እኔን የሚያስፈራኝ መውደቁ ሳይሆን ይሄ ዝምታው ነው።

ፎርማቱስ ለምን አልፈወሰውም? አዲሱ ዊንዶውስ ከፍላሽ ተነስቶ ሀርድ ዲስክ ላይ የሚሰፍረው በዚያው በታመመው ራም በኩል አልፎ ነዋ! የተበላሸ ፋይል ይዞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በቆሸሸ ባልዲ ውኃ እየቀዱ ማድጋ ማጠብ ማለት ነው። ስለዚህ ራሙ ሳይጣራ ፎርማት የሚባል ነገር አታስነኩ። የድሮ ቅጂያችሁ ላይም አዲስ አትደርቡበት።

ራም መሆኑን የሚያስጠረጥረው የምልክቱ መለዋወጥ ነው። ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ነገ «ፔጅ ፎልት»፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ስም ይጽፋል። (እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ሰማያዊው ስክሪን ጥቁር ሆኗል፤ ቀለሙ አያደናግራችሁ።) ስሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የተበላሸ ድራይቨርም ያመጣዋል። ግን ስሙ ሲለዋወጥ፣ ትልልቅ የታመቁ ፋይሎች ሲፈቱ «ተበላሽቷል» ሲባል፣ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን መሐል ላይ ሲያቆም… ያኔ ራሙን ጠርጥሩ። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፕሮግራሙን። ምንም ሳይጽፍ ጭልጥ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትና ፓወር ሰፕላይ ይቀድማሉ።

መመርመሩ ገንዘብ አይጠይቅም። ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ብላችሁ ብትጽፉ የራሱ መመርመሪያ አለው። እኔ ግን ብዙም አልተማመንበትም፤ የታመመውን «ጤነኛ ነህ» ብሎ የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ። የተሻለው «ሜምቴስት 86 ፕላስ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይሠራል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ልቀቁት፤ መብራት ካልሄደ ማለት ነው! ጠዋት አንድም ስህተት ካሳየ «አንድ ብቻ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጤነኛ ራም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

ስህተት ከተገኘ ወዲያው ወደ ገበያ አትሩጡ። በቅድሚያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ኤክስኤምፒ» ወይም «ኤክስፖ» የሚባለው በርቶ እንደሆነ አጥፉት። ራሙን ከተለመደው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠው እሱ ነው፤ አንዳንዱ ማሽን ሩጫውን አይችልም። ከዚያ ገመዱን ንቀሉ፣ የሳጥኑን ብረት ነክታችሁ በሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አውርዱ፣ ራሙን በጠርዙ ይዛችሁ አውጡት። ወርቃማው ጥርሱ ከቆሸሸ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። በአፍ እፍ ማለት ክልክል! ምራቅ ይገባበታል። ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ስኩት። ብዙ «የሞተ» ኮምፒዩተር በዚህ ብቻ ይነሳል።

ካልሆነ አንድ በአንድ ነው። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጡና ሌላውን ለብቻው መርምሩ፤ ከዚያ በዚያው ቀዳዳ አቀያይሩ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ራሙ ነው። የትኛውም ራም አንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ ከተሳሳተ ማዘርቦርዱ ወይም ሲፒዩው ነው፤ አዲስ ራም መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆናል።

ደብዳቤ ጸሐፊያችን ይህንኑ አድርጎ ውጤቱን ጽፎልኛል። መጀመሪያ የነበረው 4 ጊጋ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ አሳየ። በኋላ ከሰው ያገለገለ ገዝቶ የጨመረው 8 ጊጋ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑን በስህተት ሞላው፤ ቀዳዳ ቢቀየርለትም ያው ነው። የተማሪዋ ጽሑፍ ግን አልተመለሰም። አማካሪዋ ኢሜይል ውስጥ የተገኘው እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ያለው ብቻ ነው። ያባረርካትን ልጅ በተመለከተ ግን አንተ ምንም አልጻፍክልኝም። ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት፣ ካለ ሥራ የቆየችባቸውን ቀናት ደሞዝም ቆጥረህ ስጣት። በስልክ አይሆንም፣ በአካል!

አሁን ራም ለምትገዙ። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አይዋዋሱም፤ ማህላቸው ያለው ስንጥቅ ቦታው ይለያያል፣ አልገባ ካለ አትታገሉት። የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ዓይነት ጥንድ ይሻላል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ከተለጠፈ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት «ምርመራ ካላለፈ እቀይራለሁ» ብሎ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ አይጠፋም። ያገለገለ ከሆነማ የግድ ነው። ቤት እንደገባችሁ ዛሬውኑ መርምሩት፤ እስኪጣራ ድረስ የሰው ሥራ አትቀበሉበት።

ቸር እንሰንብት!