በውሃ መውረጃ ቧንቧ ላይ ስለሚደረገው ሲፎን ጥቅም

በሀብሩ ወረዳ ያለው የግራና ሜዳ ቆላ ስለ ሆነ ሙቀቱ እንግዳውንም ባላገሩንም ያስጨንቃል። ስለዚህ በድሬዳዋ፣ በሰመራና በጋምቤላ የተለመደው የአየር ማቀዝቀዣ መኪና በዚህም አገር ቢተከል የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን መኪናውን ብቻ አይቶ የውሃ መውረጃውን የናቀ ሰው ቤቱን ያበላሻል። የመውረጃውም ደኅንነት ሠራተኞች ሲፎን በሚሏት በአንዲት የታጠፈች ቧንቧ ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሞ ውሃው ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ በሞቃት ቀን ውጭው ያልበዋል። ይህም በአየር ውስጥ ተሰውሮ የነበረው እንፋሎት ቅዝቃዜ ሲያገኘው ወደ ውሃነት ስለሚመለስ ነው። በማቀዝቀዣውም ውስጥ እንደዚሁ ሆኖ፣ የተንጠባጠበው ውሃ ከበታች ባለው ሳህን ተጠራቅሞ በቧንቧ ይወርዳል።

ማራገቢያው ከቀዝቃዛው ክፍል በስተኋላ ሆኖ አየሩን የሚስብ እንደሆነ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል። መውረጃው ቀጥ ያለ ቢሆን የውጭው አየር በቧንቧው ሽቅብ እየገባ ውሃውን እንዳይወርድ ይከለክለዋል። ውሃውም ከሳህኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፤ መዝገብ ወይም መድኃኒት የተቀመጠበት ክፍል እንደሆነም ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

ሲፎን ግን ወደ ታች ወርዳ እንደገና ሽቅብ የምትመለስ ስለ ሆነች በሆድዋ ውሃ ይቀራል። ይህ ውሃ ለአየሩ መዝጊያ ይሆናል፤ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ግን ያሳልፋል። ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1775 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ያገኘበት የታጠፈ ቧንቧም በዚሁ ሥርዓት የመጸዳጃን ክፉ ሽታ የሚከለክል ነበረ።

የሲፎን ልክ በግምት አይወሰንም። የማራገቢያው መሳብ 250 ፓስካል ቢሆን ውሃውን 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ሽቅብ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ከሳህኑ አፍ እስከ ሲፎኗ መውጫ ያለው ዝቅታ ከዚህ መብለጥ አለበት። በአንድ መውረጃ ላይ ሁለት ሲፎን ማድረግ ግን አይገባም፤ በመካከላቸው የተያዘው አየር ውሃውን ያግደዋልና። ደግሞም በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትንሹ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ማራገቢያው ሳህኑን ስለማይስበው በቧንቧው ቁልቁለት ብቻ ይፈስሳል።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት የሚያስተላልፍ የላስቲክ ቧንቧ እንደ ሲፎን አጥፎ ንጹሕ ውሃ እስከ እኩሌታው ይጨምርበት። በአንዱ አፍ በቀስታ ሲስብ ውሃው በዚያ በኩል ከፍ፣ በሌላው በኩል ዝቅ ይላል፤ የሁለቱም ልዩነት የመሳቡን ኃይል ይለካል። አጥብቆ ሲስብ ግን አየር በውሃው ውስጥ እየፈላ ያልፋል፤ ይህም ሲፎን አጭር ስትሆን የሚሆነው ነገር ነው።

በመጨረሻም ሁለት ነገር መጠበቅ ይገባል። ማቀዝቀዣው ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር የሲፎኗ ውሃ ይደርቃልና፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ውሃ ይጨመርባት። አቧራና አረንጓዴ ዝቃጭም እንዳይደፍናት በየጊዜው ትታጠብ።