ሞርዴካይ ብራውን

ሞርዴካይ ፒተር ሰንቴኒያል ብራውን (ኦክቶበር 19 ቀን 1876 – ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነበረ። ድርሻው «ፒቸር»፣ ማለትም ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውር ተጫዋች ሲሆን፣ ይበልጥ የሚታወቀው «ባለ ሦስት ጣቱ» በሚል ቅጽል ስም ነው። «ሰንቴኒያል» የተባለውም አሜሪካ ነጻነቷን ባወጀች በ100ኛው ዓመት ስለተወለደ ነው።

የእጁ ጉዳት

የተወለደው በኢንዲያና ግዛት ናይስቪል በተባለች የገጠር መንደር ነው። በልጅነቱ ቀኝ እጁ የከብት መኖ በሚከትፍ ማሽን ውስጥ ገብቶ የሌባ ጣቱን አብዛኛውን ክፍል አጣ። ቁስሉ ሳይድን ደግሞ ወድቆ ሌሎች ጣቶቹን ሰበረ፤ የመሐል ጣቱም እንደ ተጣመመ ቀረ።

በወጣትነቱ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ እየሠራ በአካባቢው ቡድኖች ይጫወት ነበር። ፒቸር ሲሆን የተጎዳው እጅ ጠቀመው። ኳስ ስትሽከረከር አየሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፤ ራሷ ግን ወደ ተቃራኒው ትታጠፋለች። ከብራውን ጣቶች የምትወጣው ኳስ ሽክርክሪቷ ያልተለመደ ስለነበር መቺው ጋ ስትደርስ በድንገት ወደ ታች ትወርድ ነበር። ሆኖም ሁሉን ነገር የጉዳቱ ውጤት አድርጎ ማየት ልክ አይደለም፤ ኳሱን ወደፈለገው ቦታ መላክ የቻለው በልምምድ ነው።

በቺካጎ

በ1903 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ከተጫወተ በኋላ ወደ ቺካጎ ከብስ ተዛወረ። በ1906 በየ9 ዙሩ (ኢኒንግ) በአማካይ ያስቆጠረበት ነጥብ 1.04 ብቻ ነበር። ይህ አማካይ ሲያንስ የፒቸሩን ብርታት ያሳያል። ከ1906 እስከ 1911 በየዓመቱ ከ20 ጨዋታ ያላነሰ አሸንፏል፤ ቡድኑም የ1907 እና የ1908ን የዓለም ዋንጫ (ወርልድ ሲሪስ) ወሰደ። በስሙ «የዓለም» ቢባልም ውድድሩ የአሜሪካና የካናዳ ቡድኖች ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚነሳለት የኦክቶበር 8 ቀን 1908 ጨዋታ ነው። ከብስና ኒው ዮርክ ጃያንትስ በእኩል ውጤት ስለጨረሱ የሊጉ አሸናፊ በዚያ አንድ ጨዋታ ይለይ ነበር። የቺካጎው የመጀመሪያ ወርዋሪ ጃክ ፊስተር ገና በአንደኛው ዙር ሲዳከም ብራውን ተተክቶ ገባ፤ እስከ መጨረሻው ወርውሮም የኒው ዮርኩን ዝነኛ ክሪስቲ ማቲውሰንን 4 ለ 2 አሸነፈ።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች የመጨረሻ ጨዋታቸውን ያደረጉትም እርስ በርስ ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1916 ማቲውሰን ለሲንሲናቲ ተሰልፎ 10 ለ 8 አሸንፏል። ብራውን በጠቅላላው 239 ጨዋታ አሸንፎ በ130 ተሸንፏል። በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ የሰፈረው በ1949፣ በሞተ በዓመቱ ነው።