የደረት ሕመም ሁሉ የልብ ሕመም ነውን?

ያገራችን ሰው «ልቤን አመመኝ» ሲል እጁን የሚያሳርፈው ሁልጊዜ በልቡ ላይ አይደለም። አንዱ ከእንብርቱ በላይ ጨጓራው ያለበትን ስፍራ ይነካል፤ ሌላው ከጡቱ በታች ጎኑን ይይዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ መኻል ደረቱን በመዳፉ ይጫናል። ቃሉ አንድ ሲሆን ሕመሙ ግን ሦስት ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዐይነት ስሕተት ሲፈጸም እናያለን። አንደኛው፥ የጎን ውጋት የተሰማው ወጣት «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ማደሩ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን፥ ልቡ በእውነት የታመመበት ሰው «ብርድ ነው፤ ጨጓራ ነው» እያለ ተልባ በመጠጣት ውድ የሆነውን ሰዓት ማሳለፉ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር ይህ ነው፤ የደረት ሕመም ብዙ ጊዜ ከልብ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን «ከልብ አይደለም» የሚለው ቃል በምርመራ የሚደረስበት ፍርድ ስለ ሆነ በግምት ሊነገር አይገባውም።

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ማለዳ ቆሞ ሕዝቡን የሚመለከት ሰው፥ ደረትን የሚያሳምሙትን ምክንያቶች ባንድ ስፍራ ሊያያቸው ይችላል። እህል የሞላበትን ጆንያ ከመኪና የሚያወርድ ተሸካሚ አለ፤ ቁርስ ሳይቀምስ ቡና ብቻ ጠጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመድረስ ታክሲ የሚጋፋ ጸሐፊ አለ፤ ለፈተና ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ተማሪም አለ።

ተሸካሚውን ብንወስድ፥ የጎድን አጥንቶች ከደረት አጥንት ጋር የሚጋጠሙበት ልስልስ አጥንትና በመካከላቸው ያለው ጡንቻ በሸክም ብዛት ይቈጣል። እንዲህ ያለው ሕመም ሰውነት ሲዞር፥ ሲያስሉና በጣት ሲጫኑት ይብሳል። ሆኖም በጣት ሲጫኑት ማመሙ ብቻውን ልብን ነጻ አያወጣም።

የጸሐፊው ጠላት ቃር ነው። በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ ከደረት አጥንት በስተኋላ ያቃጥላል። ማታ ጠግቦ በልቶ ወዲያው መተኛት፥ የአልኮል መጠጥ፥ ሲጋራ፥ ለብዙዎችም በርበሬ የበዛበት ወጥና ቡና ያባብሱታል። ልብና የምግብ ቧንቧ ሕመማቸውን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉት በተቀራረቡ የነርቭ መንገዶች ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው ራሱ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።

ተማሪው ደግሞ በጭንቀት ምክንያት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደረቱ ይጨመቃል፤ ልቡ ይመታል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ጫት ሲጨመርበት የልብ ምቱ የባሰ ይፈጥናል። ይህ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ማስመሰል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፥ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ስላከማቸው ወታደሮች ባሳተመው ጽሑፍ፥ ደረታቸውን የሚወጋቸውና ልባቸው የሚመታባቸው ብዙ ወጣቶች በልባቸው ላይ ግልጽ የሆነ ጉዳት እንዳልተገኘባቸው ገልጿል።

እንግዲህ ከልብ ያልመጣ ሕመም ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። የሳንባ ምችና የሳንባ ነቀርሳም ደረትን ይወጋሉ። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ሽፍታው ከመውጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ደረትን ባንድ ወገን ያቃጥላል። የረጋ ደም የሳንባን የደም ሥር ሲደፍን ደግሞ ድንገተኛ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ ይህም ከልብ ሕመም ባላነሰ የሚያስቸኩል ነው። ስለዚህ ውጋትን ሁሉ ብርድ ነው ብሎ በዋግምት ብቻ ለመዳን መሞከር አደገኛ ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ልብን ይመረምራል። ለዚህም ሆላንዳዊው አይንትሆቨን በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘበት፥ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ይረዳዋል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን የተባለው ንጥረ ነገርም በደም ምርመራ ይታወቃል። ትሮፖኒን በደም ውስጥ እስኪጨምር ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል፥ ሐኪሙ «ቈይተህ እንደ ገና ትመረመራለህ» ቢል መሰላቸት አይገባም። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራትም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፥ «ያልተለመደ የደረት ሕመም» የሚለው አጠራር አሳሳች ስለ ሆነ እንዲቀርና ሕመሙ ከልብ ነው፥ ሊሆን ይችላል፥ ወይም አይደለም ተብሎ በግልጽ እንዲነገር መክረዋል።

ታዲያ ሳይዘገዩ መሄድ የሚገባው መቼ ነው? መኻል ደረትን እንደ ከባድ ሸክም የሚጫን ሕመም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሲቈይ፤ ወደ ክንድ፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሲዛመት፤ ቀዝቃዛ ላብ፥ ማቅለሽለሽ፥ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ሲከተለው ነው። በሴቶች፥ በሽማግሌዎችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን ሕመሙ ቀለል ብሎ፥ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው በእግሩ ዳገት መውጣትም ሆነ መኪና ራሱ መንዳት የለበትም፤ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ፤ ወይም ሰው ይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለኮልፌ ነዋሪ የቅዱስ ጳውሎስና የአለርት ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም።

ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው ሕመም፥ አሁን ባይብስም በቶሎ መመርመር ይገባዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል፥ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋሞች በነጻ ይሰጣል። ቃር የሚደጋገምበት፥ ምግብ ለመዋጥ የሚቸገር ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረበትም ሐኪም ያማክር።

ወጣቶች አንባቢዎቻችን «እኛን ልብ አያመንም» እንዳይሉ እንመክራለን። በአገራችን ብዙ ወጣቶች በልጅነታቸው ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ቍስለት የተነሣ የልብ በር ሕመም ይዟቸው ይገኛል። እንግዲህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ልቤን አመመኝ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ ስፍራውን በእጃችሁ አሳዩ፤ መቼ እንደ ጀመረ፥ ምን ሲሠሩ እንደሚብስ፥ ምንስ እንደሚያስታግሠው ዘርዝራችሁ ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው፥ ሕመሙን በውል ላልተናገረም ጭምር ነው።