የአኳሪየም እርሾ

ከአኳሪየሜ ውስጥ አብልጬ የምሳሳለት ጥግ ላይ የተተከለው ጥቁር ስፖንጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው ጅራታቸውን እንደ ነጠላ ጥለት በሚያውለበልቡት ጉፒዎች ላይ ነው። ስፖንጁን ልብ ያለ እንደሆነ ግን "ይሄ ነገር ቆሽሿል፤ ለምን አታጥበውም?" ይለኛል። ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት ሙልጭልጭ እንዳለ እንዲቆይ ነው የምፈልገው። ዓሣዎቹን በሕይወት ያኖረልኝ እሱ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 30 ከፍታ ያለው መስታወት እስከ ገደፉ ሲሞላ 54 ሊትር ይይዛል፤ ለጀማሪ በቂ ነው። በደንብ የታጠበ ጠጠር፣ የአየር ፓምፕ፣ በፓምፑ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር፣ ቴርሞሜትርና ማሞቂያ ይጨመርበት። የአዲስ አበባ ሌሊት ለጉፒ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው በ24 እና በ26 ዲግሪ መካከል ይዋል ይደር። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን፤ ውሃው ብቻውን ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥ።

"መጀመሪያ በትንሹ ልሞክር" ብለው ሁለት ሊትር በማይሞላ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ወርቃማ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎ ይበከላል፤ ለጀማሪ ከባዱ እሱ ነው። ወርቃማ ዓሣ በአግባቡ ከተያዘ ከስንዝር ሊያልፍ ይችላል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ አንዱ 43 ዓመት ኖሮ ነው እ.ኤ.አ. በ1999 የሞተው። በክብ ብርጭቆ ውስጥ በሦስተኛው ሳምንት ሲሞት "ድሮም ዕድሜው አጭር ነው" የሚባልበት ይኸው ዓሣ ነው።

ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ መሆኑን ሰው ማመን ያቅተዋል። ዓሣ ከምግቡ የሚተርፈውን አሞኒያ በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ በኩል ነው። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ጅረቱ ይወስድለታል፤ መስታወት ውስጥ ግን እየዋኘበት ይጠራቀማል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ዓሣ በሚገድልበት መጠን ሽታውም አፍንጫ አይደርስም። በዚያ ላይ የውሃው ጠባይ ይለያያል፦ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ሲሆን ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው 1 በመቶ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይደርሳል።

ከዚህ መርዝ የሚያድኑት ስፖንጁ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው የዓሣው ደም ቡናማ እስኪሆን ይደርሳል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል፤ ውሃ ውስጥ ያሉ ዕፅዋት ይመገቡታል፤ የቀረውን በየሳምንቱ ውሃ ስንለውጥ እናወጣዋለን። እነዚህን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ጠባያቸው ዝግ ያለ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ እነዚህ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅባቸዋል። አዲስ አኳሪየም ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ያለበት ለዚህ ነው። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበትና ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹ እሱን እየበሉ ይራባሉ። አሞኒያውም ናይትራይቱም በመለኪያ ጠብታ ዜሮ ሲያሳዩ ዓሣ ይገባል።

ይህን ሁሉ ለሰዎች ሳስረዳ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ጭንቅላት ይነቀነቅልኝና ስፖንጁ በሳምንቱ ይታጠባል። ቀላሉን አነጋገር ያገኘሁት ጎረቤቴ ቤት ነው።

እትዬ ለልጅ ልጃቸው ብለው አኳሪየም አስገብተው ነበር። ዓሣዎቹ ስድስት ወር ያህል ደህና ኖሩ። ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ አኳሪየሙም አብሮ ጸዳ። ጠጠሩ በበረኪና ታሸ፤ ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ መስታወቱ አንጸባረቀ፤ ውሃው በቀጥታ ከቧንቧ ተሞላ። በበዓሉ ማግስት ሲያስጠሩኝ አምስት ጉፒዎች በጎናቸው ተንሳፈዋል።

"ምን አጎደልኩባቸው ልጄ? እጄ እስኪላጥ አይደል ያጸዳሁላቸው!" አሉኝ። እንባ አቅርረው ነበር።

"እትዬ፣ ያጠቡት እርሾውን እኮ ነው" አልኳቸው።

ስፖንጁን አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። "ቡሃቃ ነዋ!" አሉ።

በትክክል። ቡሃቃውን በሳሙና ፈትጎ ነገ ሊጤ ይኩፋል ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ የለም። እርሾ የጠፋበትም ከጎረቤት ይበደራል። እኔም ከፊልተሬ ላይ ለወራት የሠራ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጬ፣ እንዳይደርቅ በራሱ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ በሰሃን ከድኜ ወሰድኩላቸው። እንዲህ ሲሆን የስድስቱ ሳምንት ጥበቃ በጣም ያጥራል። ታዲያ ብድሩ የሚወሰደው ዓሣዎቹ ጤነኛ ከሆኑበት ቤት ብቻ ነው፤ በሽታም ከስፖንጁ ጋር ይሻገራል።

ስፖንጅ የሚጸዳው ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው፣ በወር አንዴ ያህል ነው። ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ይደረግና ይመለሳል። በቧንቧ ሥር ፈጽሞ አይታጠብ፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎር የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ ስንለውጥ የምንተካው አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ 24 ሰዓት ያደረ መሆን አለበት፤ ክሎሩ ይተናል። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ክሎራሚን የሚጨመርበት ከተማ የምትኖሩ ግን ውሃ በማሳደር አትተማመኑ፤ ክሎራሚን እንደ ክሎር ቶሎ ስለማይተን የማርከሻ ጠብታ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው የሚያናድደኝ "ርቧቸዋል" ነው። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ያየ ሰው ምግብ ይበትንላቸዋል። አየር አጥሯቸው ይሆናል እኮ! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የተበተነው ምግብ ሲበሰብስ ደግሞ ያለችውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ "ለ54 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚል ስታገኙ ቀንሱለት። በአምስት ጉፒ ጀምሩ፤ ሴቷ በየወሩ ገደማ ስለምትወልድ ቁጥሩ በራሱ ይመጣል። ምግብ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። የፓምፑ ዋና ጥቅምም የውሃውን ፊት ማናወጡ ነው፤ ኦክስጅን በብዛት የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

በሽታን በተመለከተ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የዓሣው ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ ቆዳ ሥር አድጎ ይወድቃል፤ ጠጠሩ መካከል ተባዝቶ ሌላ ገላ ፍለጋ ይዋኛል። መድኃኒቱ የሚያገኘው እየዋኘ ሳለ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ ስለጠፋ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። አዲስ የተገዛ ዓሣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ፓምፑ ቆመ። እርሾው አይታፈንም?"

ይታፈናል። ባክቴሪያዎቹም እንደ ዓሣዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ለረጅም ሰዓት ካጡት ይሞታሉ። መስታወቱን ዙሪያውን በጋቢ እንዲጠቀልሉት፣ አፉን ክፍት እንዲተዉት፣ መብራት እስኪመጣ ምግብ እንዳይሰጡ ነገርኳቸው። "ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ከራሱ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍሱበት" አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉት አስቀምጠውት ኖሮ፣ ውሃው ከጣሳው ሲወርድ እስከኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር።